የካምፑ ሃያኛ ዓመት እና ሌሎችም

ይህን የማወራችሁ ተናድጄ ነው። ሰው ሁሉ «አሁንማ አልፏል፣ ተወው» ይለኛል። አላለፈም። እኔ ዘንድ አላለፈም።

ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ከተማችንን አንዳንዱ ጭሮ፣ አንዳንዱ አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ እኔ በየትኛውም ስም ጠርቷት የመጣ ደንበኛ አልመልስም። ሱሪ ከማሳጠር እስከ መዘምራን ልብስ እሰፋለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን፣ በስተግራ በኩል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የማልታወቅ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው፤ ከዚህ በታች የማወራው የማልታወቅ ሰው ስለመሆኔ ነውና።

የክረምት ካምፓችን ሃያኛ ዓመቱን ሊያከብር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ታሪኩ አዲስ የታተመ መጽሔት ይዞ ሱቄ ገባ። ታሪኩ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ የማያውቅ፣ ጨዋ ወጣት ነው። የሠርጉን ሱፍ ያጠበብኩለት እኔ ነኝ፤ ከሠርጉ ወዲህ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስፍቼለታለሁ።

«ጋሼ፣ ታሪካችን ታትሞ ወጣ!» አለኝ፣ ፊቱ እየበራ።

መቀሴን አስቀምጬ፣ እጄን ጠርጌ፣ መነጽሬን አደረግሁና ገለጥኩ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። ፊት ገጹ ላይ ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይዘላሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የእንግዶች መልእክት አለ። ሦስተኛው ላይ የሌሎች እንግዶች መልእክት። አራተኛው ላይ ሊመጡ ያልቻሉ እንግዶች መልእክት። አምስተኛው ላይ «የካምፑ አጀማመር» የሚል አገኘሁና ወንበሬን ሳብኩ። እንዲህ ይላል፦

«የመጀመሪያው የክረምት ካምፕ መሰላ ላይ የተካሄደው በመምህር ግርማ፣ በወንጌላዊ ዮናስ እና በሌሎችም ትጋት ነው።»

ደግሜ አነበብኩት። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ ሦስተኛ አነበብኩት። የመነጽሩ ችግር አልነበረም።

«ታሪኩ» አልኩት፣ «ሌሎችም ማነው?»

«ሌሎችም… ሌሎች ናቸዋ ጋሼ። የተባበሩ ሰዎች።»

«ስንት ነን?»

«እ?»

«ሌሎችም የተባልነው ስንት ነን ነው የምልህ?»

ልጁ ግራ ገባው። እኔም ገጹን ገለጥኩና ሌላውን አየሁት፦ «በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋው ድንኳን በሁለተኛው ቀን በዝናብ ቢወድቅም፣ የልጆቹ መንፈስ ግን አልወደቀም።»

እስቲ ፍረዱኝ። ድንኳኑ ተጠቅሷል። መውደቁ ተጠቅሷል። ዝናቡ እንኳ ተጠቅሷል። የሰፋው ሰው ግን የለም። ድንኳኑ ማታ ተኝቶ ጠዋት ተሰፍቶ የተነሣ ነው የሚመስለው።

«ያንን ድንኳን የሰፋሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ሱሪዋን ልትለካ የመጣች ሴት ደንግጣ ወጣች።

ታሪኩ በባንክ ቤት ትሕትናው፣ «ጋሼ፣ ማስረጃ ካለዎት፣ ፎቶም ቢሆን፣ ማስተካከያ ወረቀት እናስገባለን» አለኝ።

ማስረጃ! ማስረጃ አለኝ፤ የግራ እጄ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። አሳየሁት። መዝገብ ላይ የሚያያዝ ዓይነት አይደለም መሰለኝ፣ መጽሔቱን ትቶልኝ ሄደ።

አሁን ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ፤ ያለዚያ ለምን እንደተቃጠልኩ አይገባችሁም።

ደርግ ወድቆ ተዘግተው የነበሩ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከተከፈቱ በኋላ፣ አንድ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ እኛ ዘንድ ሰነበተ። እንግዳው በአገሩ ያሉ ሉተራኖች ልጆቻቸውን በክረምት ካምፕ እንደሚያስተምሩ ነገረን፤ ፎቶም አሳየን። ልጆች ሐይቅ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ሣር ላይ ተንጋለው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዛፍ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ደስ አለን። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አልን። የእሱ አገር ትምህርት የሚዘጋው ፀሐይ ስትወጣ፣ የእኛ አገር ትምህርት የሚዘጋው ሰማይ ሲቀደድ መሆኑን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። መምህር ግርማ እንኳ አላስታወሱም፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ እኮ!

ቦታው መሰላ ይሁን ተባለ። ልጆቹ ሃያ አይሞሉም። የሚያድሩበት ድንኳን ግን ያስፈልግ ነበርና እኔ ተጠራሁ። ከየቤቱ የማዳበሪያ ከረጢት ለመንን፤ እኔም ቁጭ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፋሁ። የሱሪ ደንበኞቼ ተዉኝ። እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር ሰፍቼ ስለማላውቅ መሐሉ የት እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር፤ አንድ ቀን ራሴን ውስጡ ሰፍቼ ባለቤቴ አስናቀች ነች ፈትታ ያወጣችኝ።

ከረጢት ውኃ እንደሚያሳልፍ አታውቅም ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ተጠይቄአለሁ። መልሴ አንድ ነው፤ የታዘዝኩት ድንኳን እንድሰፋ ነው፣ ዝናብ እንዳቆም አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሲዘምሩ ዝናቡ መጣ። የመሰላን የነሐሴ ዝናብ የማያውቅ ሰው ካለ አላስረዳውም፤ ሄዶ ይቅመሰው። ከረጢቱ ውኃውን ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ከዚያ ተዘረገፈ። ከሥሩ መዝሙሩ እንደቀጠለ ነበር፤ ምን እንደደረሰባቸው እስኪገባቸው ሁለት ስንኝ ያህል ጨምረዋል። አንድ በአንድ እየጎተትን አወጣናቸው፤ ጎረቤት አስጠግተን አደረቅናቸው፤ ካምፑም ቀጠለ። ይኸው ዛሬ ጭሮ፣ መሰላ፣ ቦኬ፣ ሚኤሶ በየክረምቱ ካምፕ አለ። ልጅ ለማስመዝገብ ወላጅ ተሰልፎ ይጋፋል። ጊታር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ሞንታርቦ አለ። እኔስ? እኔ ሌሎችም ነኝ።

ለአስናቀች ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ድንኳኑን ጽፈው ስምህን መተዋቸው ውለታ ነው። አርፈህ አመስግናቸው» አለችኝ።

ከቤትም አልተረዳሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቦኬ ተነሣሁ። መምህር ግርማ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ የመጀመሪያውን ካምፕ ፎቶ ያነሣ ካሜራ የእሳቸው ስለነበር ማስረጃዬ ቤታቸው መገኘት አለበት። የቦኬ ገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ከሰው ይልቅ ዶሮ ጭኗል። መሐል መንገድ ላይ ጭቃ ያዘንና «ወንድ ውረድ!» ተባለ። ወርጄ ገፋሁ። መኪናው ሲነሣ የኋላ ጎማው ጭቃውን ሁሉ እኔ ላይ ብቻ ረጨው፤ ከጎኔ የገፋው ሰውዬ ሸሚዙ ነጭ እንደሆነ ተመልሶ ተሳፈረ። ይህንንም ታሪክ የሚጽፍ ቢኖር «ሰውዬው እና ሌሎችም ገፉት» ብሎ ነው የሚያልፈው።

መምህር ግርማ በራቸው ላይ አይተውኝ ቶሎ አላወቁኝም፤ በጭቃው ምክንያት ነው ብዬ ልተወው። ሲያውቁኝ ግን አቅፈው አስገቡኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝ፣ ከአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮም ፎቶውን አወጡልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ድንኳኑ አለ፤ ካምፑ ሲያልቅ ለፎቶ እንደገና ተተክሎ፣ ቀጥ ብሎ! ልጆቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መምህር ግርማ በቀኝ፣ ነፍሱን ይማርና ወንጌላዊ ዮናስ በግራ። እኔ የለሁም።

«እኔ የት ነኝ ጋሽ ግርማ?»

ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ድንኳኑ ሥር አሳረፉ። «ይኸው» አሉኝ።

ከከረጢቱ ጠርዝ በታች ሁለት እግር ይታያል። ፎቶ ሲነሣ ድንኳኑ እንዳይንገዳገድ ውስጥ ሆኜ ምሰሶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ «ፈገግ በሉ» ሲባልም ውስጥ ሆኜ ፈገግ ብያለሁ፤ አሁን ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ማስረጃ ከቁርጭምጭሚት በታች ነው።

«እግርህ መሆኑን ማን ያምናል?» አሉኝ፣ ሳቃቸውን ውጠው። «ምስክር ያስፈልግሃል። ምናልባት እሷ ታስታውስ ይሆናል።»

«ማን?»

ፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ከልጆቹ ራቅ ብላ፣ ትልቅ ድስት በሁለት እጇ የያዘች ሴት ቆማለች። መጽሔቱን አውጥቼ አስተያየሁት። መጽሔቱ ላይም ይኸው ፎቶ አለ፤ ግን ጠርዙ ተቆርጧል። ሴትየዋ የለችም። ከድስቱ ጆሮ አንዱ ብቻ ወንጌላዊ ዮናስ ክንድ ሥር ቀርቷል።

«አዴ ዘይነባ» አልኩ።

«አዴ ዘይነባ» አሉ መምህር ግርማም። በእኛ አገር እንደ እናት የምናከብራትን ሴት ነው አዴ የምንለው።

ቅድም ድንኳኑ ወደቀ ብዬ ሳወራችሁ፣ «ጎረቤት አስጠግተን አደረቅናቸው» ብዬ አልፌአለሁ። ተመልሳችሁ እዩት። ያ ጎረቤት እሷ ነች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ የምትኖር ሙስሊም ሴት ነበረች። ጩኸቱን ሰምታ መጣች፣ በዝናቡ ውስጥ ቆማ አየችን፣ ምንም ሳትጠይቅ ሁሉንም ልጅ ጫት የሚለቀምበት ሰፊ ክፍሏ ውስጥ አስገባች። የልጆቿን ልብስ አለበሰቻቸው፤ የምስር ሾርባ ሠራች፤ የማሽላ ቂጣ ጋገረች። ካምፑ እስኪያልቅ እሷ ቤት አደርን። በሚቀጥለው ክረምትም፣ በሚቀጥለውም፣ ካምፑ መሰላ እስካለ ድረስ ምግብ የምትሠራው እሷ ነበረች። «የእነሱን ሥጋ እንዴት ትበላላችሁ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ነበር። ሥጋ የሚባል ነገር ስላልነበረን ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

መምህር ግርማ ከልጇ ጋር ሚኤሶ እንደምትኖር ሰምተዋል። ፎቶውን አዋሱኝ፤ እኔም ልሄድ ቆረጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት ለእሷ ብዬ አይደለም። እግሬን የምትመሰክርልኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ መንገዱ ራሱ ልብስ ያስወልቃችኋል። እኛ ዘንድ ጉም ነው፣ እዚያ ሐሩር ነው። ዋናው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚመገቡበት አንድ ቤት አለ፤ ባለቤቷ የአዴ ዘይነባ ልጅ ነች። አዴ በሩ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አርጅታለች። ከእናቴ ለይቼ ስለማላያት አንቺ ነው የምላት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አዴ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። አካም ጂርታ? ማነህ አንተ?»

«ከጭሮ ነኝ። መሰላ፣ የካምፑ ጊዜ…»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ቀጥሎ ሰፌዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ወላሂ! አንተ ድንኳኑ ነህ!»

ሃያ ዓመት ፈልጌ ያገኘሁት ዕውቅና ይኸው ነው። ድንኳኑ ነኝ።

አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ለስላሳ አስመጣችልኝ። ከዚያ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራች ጠየቀችኝ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ማን ሌሊት እናቱን እየጠራ እንደሚያለቅስ፣ ማን ቂጣ ኪሱ ውስጥ እንደሚደብቅ አልረሳችም። እኔ የግማሾቹ ስም ጠፍቶኝ ነበር።

«ያስ? ምስር አልበላም ብሎ የሚያለቅስ ቀጭኑ? ታሪኩ?»

«ባንክ ቤት ይሠራል። አሁን አይቀጥንም፤ ምስርም አይመርጥም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። ዓይኗን ምስሩ ላይ አድርጋም፣ «ካምፑ ግን ምን ሆኖ ቀረ?» አለችኝ።

«አልቀረም እኮ አዴ። አለ።»

«የት?»

«ጭሮ አለ። ቦኬ አለ። መሰላም አለ፣ አሁን ቤት ተሠርቶለታል። እዚህ ሚኤሶም…» ብዬ በጣቴ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አሳየኋት። ከተቀመጠችበት ቆርቆሮው ይታያል።

«እዚህ?» አለች። «በክረምት ልጆች ሲዘምሩ እሰማለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ነው የመሰለኝ።» ምስሩን እንዲሁ አገላበጠችው። «አንድ ክረምት ድስቱን አጥቤ ጠበቅሁ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ አልኩ። አልመጣችሁም። ተበተኑ ብዬ አዘንኩላችሁ።»

ያን ክረምት ካምፑ አድጎ፣ አዳራሽና ኩሽና ወዳለው ወደ ጭሮ ግቢ ተዛውሮ ነበር። ስብሰባ አድርገናል። እኔም ነበርኩበት። የቤንች ቁጥር ተወያየን፣ የመጸዳጃ ቤት ተወያየን። «ለአዴ ማን ይንገራት?» ያለ ሰው አልነበረም። አንዳችን ሌላው የነገራት መስሎን ይሆናል ብዬ ልዋሽላችሁ ነበር፤ ማንም ምንም አልመሰለውም። አላሰብናትም።

ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን መጽሔት አይታ፣ «ይኼ ምንድነው?» አለች።

«የካምፑ ታሪክ ነው።»

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም። ቀስ እያለች ገለጠችውና ፎቶዎቹን አየች፣ በሚዘሉት ልጆች ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

ሰዎች፣ በሕይወቴ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። የሠርግ ሱፍ በግልባጩ ሰፍቼ አስረክቤአለሁ። ይህን የሚያህል ግን የለኝም። አምስተኛውን ገጽ ገለጥኩላትና ጣቴን «እና በሌሎችም» የሚለው ላይ አሳረፍኩ።

«እዚህ ጋ» አልኳት።

ጣቷን ጣቴ ወዳለበት አመጣች። ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። «ዘይነባ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«አጭር ነው» አለች። «ደህና ነው። አላህ ይስጣችሁ።»

ስለ እግሬ ሳልጠይቃት ተነሣሁ።

ወደ ጭሮ ስመለስ የነበረኝ ንዴት ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የቀድሞው የራሴ ስለነበር አስናቀች ስትስቅብኝ ትንሽ ይበርድ ነበር። ይኼኛው አልበርድ አለ። ከመናኸሪያ በቀጥታ ኮሚቴው ወደተሰበሰበበት ገባሁ። ስለ ኬኩ መጠን ይከራከሩ ነበር።

«አዴ ዘይነባ ትጠራ!» አልኩ። «ትጠራ ብቻ አይደለም፣ መድረክ ላይ ትውጣ!»

ታሪኩ ፕሮግራሙን አየ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ሞልቷል። ደግሞ… ሙስሊም ናቸው አይደል? መድረካችን ላይ ብናወጣቸው እሳቸውስ ቅር አይላቸውም? ካስፈለገ በደብዳቤ እናመሰግናለን።»

«ደብዳቤ! ማንበብ አትችልም! አንተ ልጅ፣ ድንኳኑ ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ሥሩ ነዋ።»

«ማን አደረቀህ?»

ታሪኩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የማን ልብስ ለበስክ? ምስር አልበላም ብለህ ስታለቅስ ማን ነው ድንች ለብቻ የቀቀለልህ?»

«ድንቹን…» አለ ታሪኩ። ድምፁ ተለወጠ። «ድንቹን አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ነበሩ የሚመስለኝ።»

ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ አልነበርኩም። ታሪኩ የፕሮግራሙን ወረቀት ሰረዝ ሰረዝ አድርጎ፣ ሊመጡ ካልቻሉት እንግዶች መልእክት ላይ ሁለት ደቂቃ ቆረሰልኝ። «እርስዎ ያስተዋውቋቸው» አለኝ።

የበዓሉ ዕለት ዘነበ፤ ይህን መቼስ ገምታችኋል። ኪራይ ድንኳኑ ግን ጠብታ አላሳለፈም፤ ሰው ሁሉ ገብቶ ጣሪያውን ያይና ከዚያ እኔን ያያል። ግቢው ከጭሮ፣ ከመሰላ፣ ከቦኬ፣ ከሚኤሶ በመጣ ሰው ተጨናንቋል። አዴ ዘይነባ ከልጇ ጋር መጣች፤ የክት ልብሷን ለብሳ፣ የራሷን ምግብ በሳህን ቋጥራ። ታሪኩ በር ላይ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። ከፊት ወንበር ቢያስቀምጣትም ከአፍታ በኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር። ስፈልጋት ኩሽና በር ላይ ቆማ ለወጣቶቹ፣ «እሳቱ በዛ፣ ቀንስ! ይኼ ሁሉ ሰው ያረረ ሊበላ ነው?» ትላለች። ሥጋው እሷ የምትበላው ባይሆንም ማረሩ አላስቻላትም።

ተራዬ ደረሰ። ንግግሬን ጽፌ ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት። ማይኩን ጨበጥኩ። ሞንታርቦው ጮኸ። «ወገኖቼ» አልኩ፣ «ሁሉ ነገር የጀመረው በአንድ ድንኳን ነው…»

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። እኔም እንግዲህ የስፌት ሰው ነኝ፣ ተቆጣሁ። ከረጢቱ ስንት እንደነበር ተናገርኩ። ስፌቱ ድርብ እንደነበር ተናገርኩ። ስፌቱ እንዳልተፈታ፣ የወደቀው ምሰሶው እንደሆነ፣ ምሰሶውም የእኔ ሥራ እንዳልነበር አስረዳሁ። ፎቶውን ከፍ አድርጌ «እነዚህ እግሮች የማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። መድረክ መሪው ሰዓቱን ሲያሳየኝ ነው የነቃሁት። ሁለቱን ደቂቃ ጨርሼዋለሁ። ስሟን ገና አልጠራሁም።

«እና…» አልኩ። «እና አንዲት እናት…»

ማይኩ ከእጄ ወጣ። አዴ ዘይነባ ማንም ሳይጠራት መድረኩ ላይ ወጥታ፣ ለዕቃ እጇን እንደምትዘረጋ ዘርግታ ወሰደችብኝ። «አንተ ውረድ፣ ቁጭ በል» አለችኝ፤ በሞንታርቦ። ወርጄ ቁጭ አልኩ።

ሕዝቡን ከፊት እስከ ኋላ አየችው።

«እኔ ዘይነባ ነኝ» አለች። «ንግግር አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅ። መሰላ፣ የእኔን ሾርባ የበላ ሰው እዚህ አለ?»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይሰማል።

«ካለ ይቁም። ልየው።»

መጀመሪያ የቆመው ታሪኩ ነው። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ነበር። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ነርስ ቆመች፤ ከእሷ ጎን ከሚኤሶ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር። ከቦኬ የመጣ መምህር ሕፃን እንዳቀፈ ቆመ። መምህር ግርማ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከመዘምራኑ መሐል አራት ያህል ቆሙ። የዛሬው ፓስተራችን ከመድረኩ ወንበር ላይ ተነሣ፤ ቂጣ ኪሱ ውስጥ የሚደብቀው እሱ እንደነበር ያኔ ነው ያስታወስኩት። ባሎቻቸውን ቀና ብለው እያዩ «አንተም?» የሚሉ ሚስቶች ነበሩ። ወንበር እየተንኳኳ፣ እዚህም እዚያም፣ የክረምቶቹ ሁሉ ልጆች ጎልማሳ ሆነው ቆሙ። ከመጽሔቱ በላይ ያን ጊዜ ነው ካምፑ ምን ያህል እንዳደገ ያየሁት።

እኔ ቁጭ ብያለሁ። ያዘዘችኝ ቁጭ እንድል ነው። ደግሞም እኔ አስተባባሪ እንጂ…

«አንተስ?» አለች፣ ወደ እኔ እያየች። «አንተ አልበላህም? ሦስት ሦስት ሳህን ትጨርስ የነበርክ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሥቼ ከቆሙት ጋር ቆምኩ።

አዴ ዘይነባ ማይኩን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፤ የቀኝ ጣቷን ዘርግታ ከፊተኛው ረድፍ ጀምራ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረች። ሾርባው ሳይታደል በፊት ማንም እንዳይቀር የምትቆጥረው እንደዚያ ነበር። «ቶኮ… ለማ… ሰዲ…» መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኛ የቆምንበት መሐል ስትደርስ ብዙ ሆንንባት፤ ቁጥሩ ጠፋት። ራሷን ነቀነቀች፣ ሳቀች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ከ«ቶኮ» ጀመረች።

አንድም ሰው አልተቀመጠም።